ወደ በይሉል የሄደው ወሬ

የካቲት 3፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡30

መጥረጊያዬ ተሰበረ። ደግ አደረገ። እኔም መጥረጊያ ብሆን እሰበር ነበር።

እንደ ዘወትር ቅዳሜ የባሕሩን ዳርቻ እየጠረግን ነው። እኛ ከዚህ እንጠርጋለን፣ ነፋሱ ከዚያ ይመልሳል። የዓሣ ጭንቅላት፣ ቆርቆሮ፣ የተበጠሰ ገመድ፣ አንድ እግር ጫማ። ሁሌ አንድ እግር ብቻ ነው የሚገኘው፣ ደብተሬ። ሌላውን እግር የመን ማዶ አንድ ሰውዬ ይዞ እየፈለገን ይሆናል።

የቀበሌያችን የወጣቶች አገልግሎት ክበብ የቅዳሜ ዘመቻ ይለዋል ይሄን። አገልግሎቱ የኛ ነው፣ ክበቡ የጓ.ሰ.። ጓ.ሰ. ማለት ጓድ ሰይፉ፣ ሊቀ መንበራችን። ሙሉ ስሙን እየጻፍኩ ቀለም አልጨርስለትም። ከደብረ ብርሃን የመጣ ነው፤ የአሰብን ሙቀት እንደ ግል ጠላቱ ነው የሚያየው። ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጀልባ ጥላ ሥር ይቆማል። ስንቆም ይነፋል። ስንጠርግም ይነፋል።

ቆቡን አውልቆ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። አንዲት ሸርጣን ደግሞ እግሬ ሥር ነበረች። እኔ ምን አደረግኩ? እግዜር ያገናኛቸውን አልለየሁም።

ቆቡን መልሶ ሲደፋው ብታይው! ዕድሜ ልኩን እስክስታ የከለከሉት ሰው ነው የሚመስለው። ሰሚራ እንኳ፣ የክበባችን ጸሐፊ፣ አንደኛ ክፍል የምታስተምረው ቁምነገረኛዋ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አይቻለሁ።

ቅጣት፦ ለብቻዬ እስከ ጀልባዎቹ ድረስ መጥረግ። በተሰበረ መጥረጊያ።

ማታ 1 ሰዓት

ዋናውን ሳልነግርሽ። ጓ.ሰ. ከጥረጋው በኋላ ንግግር አደረገ። ረጅም ነው፣ ልተወው። ፍሬው ይሄ ነው፦ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ የቀበሌዎች የዱላ ቅብብል ውድድር አለ። ከየቀበሌው አራት ሯጭ። ያሸነፈው ቡድን ሰኞ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ አ.አ.! ለትልቁ ውድድር።

አ.አ. የሚሄደው ጎማ ሁሉ በእጄ ነው የሚያልፈው። ጎሚስታ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ስንቱን ለጥፌ ልኬያለሁ። ጎማዎቹ ሁሉ ከተማውን አይተውታል። እኔ ግን በዚያ መንገድ ከማንዳ አላለፍኩም። አባቴ ራሱ የዚያ መንገድ ሾፌር ነው፤ ተሳቢ ነው የሚነዳው። ውሰደኝ ስለው የሚቀጥለው ጉዞ ይላል። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁም የሚቀጥለው ነበር። ሰባተኛ ክፍልን ትቼ ከወጣሁ በኋላም የሚቀጥለው ነው። ጉዞ የማያልቅበት ሰው ነው አባቴ።

እሮጣለሁ። በቃ። እሮጣለሁ።

የካቲት 5፣ ሰኞ

ምርጫ ተደረገ። አንደኛ ዓሊ። ስለሱ ክርክር የለም። የበይሉል ልጅ ነው፣ ከአሰብ በስተ ሰሜን ካለችው መንደር፣ አፋር። አጎቱ ወደብ ስለሚሠራ እሱ ጋ ነው የሚኖረው። እግሩ መሬት ሲነካ መሬቱ ራሱ አይሰማም። ከዚያ መንታዎቹ፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ስለሚደክመው እንደ አንድ ሰው ይቆጠሩ ብዬ ነበር፣ ማንም አልሳቀም። አራተኛው እኔ... ነበርኩ። ጓ.ሰ. ስሜን ሲያይ ቆቡን ነካ። አስታወሳት፣ ሸርጣኗን።

ሰሚራ ባትኖር አልቆልኝ ነበር። ዱርዬ መሆኑን አውቃለሁ ግን እግር አለው አለችው። ያንን ያህል ሙገሳ ከሷ ሰምቼ አላውቅም። በመጨረሻ እሺ አለ፤ አንድ ቀልድ ብቻ ቢሰማብኝ ግን እንደሚሰርዘኝ አስጠነቀቀ።

እሺ ጓድ ሊቀ መንበር። መልአክ እሆናለሁ። ከነገ ጀምሮ።

የካቲት 6፣ ማክሰኞ

ልፈነዳ ነው! ልምምድ ላይ ነን። እኔ ሦስተኛ፣ ዓሊ መጨረሻ። ዱላውን አቀበልኩት። የመጨረሻው ዙር ከከተማው መውጫ ተነስቶ፣ በበይሉል መንገድ ሄዶ፣ ነጭ የተቀባውን በርሜል ዞሮ መመለስ ነው። ዓሊ ተወነጨፈ። ከዚያ ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ!

ምን ሆነ? ግመል የሚጎትት ሰውዬ ከፊት ለፊቱ መጣ። የሚያውቀው ሰው ነው? አይደለም። ግን አፋር ነው። እጅ ተሳሳሙ፣ መንገድ ዳር ቁጢጥ አሉ፣ ጀመሩ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። ዝናብ የት ጣለ? ማን ታመመ? የማን ግመል ወለደች? መንገዱ ሰላም ነው? ከዚያ ተገላቢጦሽ፤ ጠያቂው ተጠያቂ ይሆናል። እኔ ጸሐይ ላይ ቆሜ ጨው ሆንኩ።

ዳጉ ነው ይሄ፣ የአፋር የወሬ ቅብብል። ሳይጠይቁና ሳይመልሱ መተላለፍ የለም። ሲመለስ ተናገርኩት፦ አምቡላንስ ውስጥ ተኝተህ ብትሄድ እንኳ ሾፌሩን አቁም ልትለው ነው? አልተቆጣም። ዓሊ አይቆጣም፣ ይሄም ያበሽቀኛል። ዝም ብሎ የሚተላለፈው እንስሳ ነው አለኝ፤ በረሃ ላይ ውሃ የት እንዳለ ሬዲዮ አይነግርህም፣ ሰው ነው የሚነግርህ።

ለውድድሩ ቀን አስማልኩት። ማንም ቢመጣ፣ አባቱ እንኳ ከመቃብር ተነስቶ ቢመጣ፣ አይቆምም። ዱላውን መለሰልኝ። ከዚያ ለኔ ሲል እሺ አለ። ለሩጫው አላለም። ለኔ።

የካቲት 8፣ ሐሙስ፣ ማታ

ደብተሬ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ሠራሁ። ሳቂልኝ።

ዓሊ ጎሚስታ ቤት መጥቶ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር። የዳጉ ነገር አሁንም ያሳክከኛል። ከሬዲዮም ይፈጥናል እያለ ይኮራብኛል። እንፈትነው አልኩ በሆዴ። ፊቴን አጠቆርኩና ነገርኩት፦ የውድድሩ ቀን ክበቡ የከብት ሐኪም ያመጣል፣ የሚያስላቸውን ፍየሎች በነጻ ሊወጋ። ጓ.ሰ. ራሱ መርፌ ይዞ ፍየል ሲያባርር ስለታየኝ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ቆቡ ይወድቃል፣ ፍየሏ ቆቡን ትበላለች...

ዓሊ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? አለኝ። በዳጉ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠይቁት። ሰምቻለሁ አልኩ። ከማን? ከጓድ ሰይፉ አፍ። ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሞ መለስኩ። ሳቄን በጥርሴ ይዤ።

ማታ ቀልድ ነው ብዬ ልነግረው ነበር፣ በቁርባን። ሁለት ተሳቢ ጎማቸው ፈንድቶ መጣ፣ ስደበድብ አመሸሁ። ነገ እነግረዋለሁ።

የካቲት 9፣ ዓርብ

ሄዷል። ወሬው ሄዷል!

ዓሊ ትናንት ማታውኑ ዓሣ ሸጦ ወደ በይሉል የሚመለስ ሰው አግኝቶ ነግሮታል። ዛሬ ሲነግረኝ ፊቱ በራ። የእናቱ ፍየሎች ካለፈው ወር ጀምሮ ያስላቸዋል። እኔ አላውቅም ነበር። ነግሮኝ ነበር መሰለኝ፣ ያኔ የመንታዎቹን አሯሯጥ እያስመሰልኩ ስለነበር አልሰማሁም።

አፌን ከፈትኩ። ዓሊ፣ ስማ... አልኩ። ከዚያ ምን ታየኝ መሰለሽ? መኪናው። ጋቢናው። ኮምቦልቻ፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ብርሃን። አሁን ብነግረው አኩርፎ አይሮጥም። እሱ ካልሮጠ ማንም አያሸንፍም።

ስማ ምን? አለኝ። ጫማህ ተበጥሷል አልኩት። ለነገሩ ተበጥሷል።

ከውድድሩ በኋላ እነግረዋለሁ። ደግሞ ማን ያምናል፣ የከብት ሐኪም በሩጫ ቀን! አንድ ሰው መንገድ ላይ ይስቅና ይጥለዋል። አይደል? መልሺ እንጂ። አንቺ ደግሞ ወረቀት ነሽ።

የካቲት 10፣ ቅዳሜ

የክበቡ ዘመቻ ዛሬ ለአረጋውያን ውሃ ማድረስ ነው። ከሰሚራ ጋር በርሜል እየገፋን ሳለ ነገሩን እንደ ቀልድ ነገርኳት። በቀልድ ሲነገር ይቀልላል ብዬ። እናቷ አፋር ናት፣ ዳጉን ታውቃለች። በርሜሉን ለቀቀችው፣ ጫማዬ ላይ ወጣ።

አልሳቀችም። በዳጉ የሚዋሽ የለም አለችኝ። ማንም ስለማይዋሽ ነው ሁሉም የሚያምነው፣ አንተ ዱርዬ። ዛሬውኑ ለዓሊ ካልነገርክ እኔ እነግረዋለሁ።

ለመንኳት። እስከ ሩጫው ብቻ። ሐኪሙን በእውነት አመጣዋለሁ አልኳት። ካመጣሁት ውሸት መሆኑ ይቀራል አይደል? በርሜሉን መልሳ ያዘች። እስከ ዓርብ አለች።

አየሽ? መውጫ አለው። ሁልጊዜ መውጫ አለው። ፉጨት እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

የካቲት 12፣ ሰኞ

መውጫ የለውም።

ጓ.ሰ. ጋ ሄድኩ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ለውድድሩ ቀን የከብት ሐኪም ብናመጣስ? አልኩ፣ በሙሉ አክብሮት። አየኝ። ቆቡን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ውስጡን አየ። ከዚያ አሁን ደግሞ ፍየል ልታስገባብኝ ነው? ብሎ ጮኸ። ውጣ!

በሕይወቴ አንድ ቀን ቁምነገር ብናገር፣ እሱም ቀልድ ሆነ።

እርሻ ጽ/ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ሐኪሙ ለሥራ ርቆ ወጥቷል አለኝ። መቼ ይመለሳል? ሲመለስ። ከክበባችሁ በማኅተም ደብዳቤ አምጣ ደግሞ። ማኅተሙ ማን ጋ ነው? ጓ.ሰ. ጋ። በሩን ስወጣ በእርግጫ ልለው ብዬ፣ የመንግሥት በር መሆኑ ትዝ አለኝና የራሴን ቁርጭምጭሚት መታሁ።

ከሰዓት ልምምድ። ዓሊ እንደ ነፋስ። ለምን እንዲህ ደስ አለህ? አልኩት። እናቱ እየመጣች ነው። አንድ መንገደኛ ነግሮታል፤ አያቱና እናቱ፣ ሌላም ሰው፣ ፍየሎቻቸውን ይዘው ተነስተዋል። እናቱን ካያት ቆይቷል።

የሩጫውን ዱላ ጉልበቴ ላይ ሰበርኩት። እንደ ድንገት። መንታዎቹ ሳቁ። እነዚህን ልጆች የት ነው የገዟቸው?

የካቲት 15፣ ሐሙስ

አባቴ ገባ። ከነአቧራው። የሚያሸንፈውን ቡድን አ.አ. የሚወስደው መኪና የማን እንደሆነ ገምቺ። የሱ! ጓ.ሰ. ጠይቆት እሺ ብሏል። ካሸነፍክ ጋቢና ነህ፣ ከጎኔ፣ ረዳቱን ከኋላ አደርገዋለሁ አለኝ። የሚቀጥለው ጉዞ ማለት ይሄ ነበር አለ፣ እየሳቀ። የአባቴን ጥርስ ካየሁ ስንት ጊዜዬ።

ልነቃነቅ የማልችልበት ቦታ ነኝ ደብተሬ። ወደ ግራ ብዞር ዓሊ፣ ወደ ቀኝ ብዞር አባቴ። መሃል ላይ እኔና ሐኪሜ፣ በአፌ የፈጠርኩት።

የካቲት 16፣ ዓርብ

ሰሚራ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ቆመች። ዓርብ ነው አለች። አውቃለሁ አልኩ። ነገርከው? ነገ፣ ልክ እንደጨረስን፣ ወላሂ አልኳት። አንተ ክርስቲያን ነህ፣ በኔ አትማል አለችና ሄደች። አትነግረውም። ለምን እንደማትነግረው አውቃለሁ፤ እኔ እንድነግረው ትፈልጋለች። ይሄ ከስድብ ይብሳል።

የካቲት 17፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡00

አሸነፍን።

ጻፍኩት። ደስ አላለኝም። በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

መንታዎቹ ደህና ሮጡ፣ ለነሱ። እኔ ሁለት ሰው አለፍኩ። ለዓሊ ሳቀብለው አንደኛ ነበርን። ዓሊ ወደ በይሉል መንገድ ወጣ። ያኔ ከፊት ለፊት አቧራ ተነሳ። ፍየል። ፍየል ብቻ። መንገዱ በሙሉ ፍየል። ከፊታቸው አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ዱላው ትከሻው ላይ፣ ሁለት እጁን ዱላው ላይ ሰቅሎ። ሼህ ሁመድ፣ የዓሊ አያት።

ሽማግሌው ዓሊን አወቀው። ዱላውን አወረደ። እጁን ዘረጋ።

ዓሊ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከሩቅ ታየኝ፣ ትከሻው ሲጎብጥ። ቁም ብዬ ልጮህ ፈለግኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሩጥ! ነው። ማን እንዳስወጣው አላውቅም። ሮጠ። አያቱን አለፈው። እናቱን አለፋት። የሽማግሌው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ዓሊ በርሜሉን ዞሮ ሲመለስም እዚያው ተዘርግቶ ነበር። ደግሞ አለፈው። ፊቱ ላይ ላብ ይሁን እንባ አልለየሁም።

ከዚያ ፍየሎቹ ደረሱ። ሜዳው ላይ ፈሰሱ። አንዷ የማለቂያውን የወረቀት ሪባን በላች። አንዱ አውራ የክብር እንግዶች ወንበር ሥር ገባ። ሰው ይስቃል። ሌላ ቀን ቢሆን ስቄ ስቄ ሞቼ ነበር። እኔ ያዘዝኩት ቲያትር ነው እኮ፣ ከነፍየሎቹ።

ጓ.ሰ. ያብዳል ብዬ ነበር። አላበደም። ፊቱ በራ! ማይክሮፎኑን ጨብጦ ሰፊው ከብት አርቢ ሕዝብ የወጣቶቻችንን ውድድር ለመደገፍ ከሩቅ ተጉዞ መምጣቱን አበሰረ። አስጨበጨበ። የዓሊን እጅ ወደ ላይ አንስቶ ሕዝቡን የቀሰቀሰው ይህ ወጣት ነው አለ። ዓሊ ምን እንደሚባል አልገባውም። ዓይኑ ሐኪሙን ይፈልጋል።

ዓሊ ለመጡት ሁሉ እየዞረ ሐኪሙ ዘግይቷል፣ ይመጣል ይላቸዋል። ጸሐይ ላይ ተቀምጠዋል። እናቱ አንዲት ቀይ ፍየል ጭኗ ላይ አስተኝታለች። በርሜል ገፍቼ ውሃ አመጣሁላቸው። ደግሞ አመጣሁ። አመሰገኑኝ! ሽማግሌው በእጁ ባረከኝ። መሬት ትውጠኝ ስል መሬቱ ደረቅ ሆነ።

ማታ 12፡30

ቀይዋ ፍየል ሞተች። ሲያስላት፣ ሲያስላት፣ ከዚያ ዝም። የዓሊ እናት በሻሿ ፊቷን ሸፈነቻት፣ የፍየሏን፣ እንደ ሰው።

ለዓሊ ነገርኩት። የውሃው በርሜል አጠገብ። ዓሊ፣ ሐኪም የለም፣ አልነበረም፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ለሳቅ።

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ምን ነበረበት! ቀስ ብሎ፣ ያንኑ ጠየቀኝ። አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?

አላየሁም። አልሰማሁም።

ተነስቶ ሄደ።

የካቲት 18፣ እሑድ

ጠዋት ከሩቅ አየሁ። ዓሊ አያቱ ፊት ቆመ። ሼህ ሁመድ እጁን ሰጠው፣ ተሳሳሙ። ዓሊ ቁጢጥ አለ፣ ጥያቄውን ጠበቀ። ሽማግሌው አልጠየቀውም። ፍየሎቹን ያይ ጀመር። ሌላ ሰውዬ መጣ። እሱም ሰላም ብሎት ወሬ አልጠየቀውም። አልተሳደቡም፣ አልተቆጡም። ብቻ አልጠየቁትም። ዓሊ ቁጢጥ እንዳለ ቀረ፣ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው።

ከሸርጣን ጋር ስጫወት የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ቅጣት አላውቅም።

ዓሊ ሐኪም እንደሌለ ማታውኑ ነግሯቸዋል፣ ስሜን ግን አልጠራም። ሰሚራ ናት የነገረችኝ። ከማን ሰማህ ሲሉት ማጣራት የኔ ነበር ብቻ አለ። ጅል። የተባረከ ጅል።

ጓ.ሰ. ጋ ሮጥኩ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፣ ማይክሮፎኑን ይስጠኝና ለሰዎቹ ልናገር አልኩ። ደነገጠ። ሪፖርቱ ሄዷል አለኝ። ምን ተብሎ? በክበባችን ቅስቀሳ ከብት አርቢው ሕዝብ በነቂስ ወጣ ተብሎ። አፍህን ዝጋ፣ ነገ መኪናው ላይ ውጣ፣ ሸርጣኑንም ይቅር ብዬሃለሁ አለኝ። ከዋሸሁት ሁሉ አንዱ ብቻ የመንግሥት ወረቀት ላይ ወጣ። በማኅተም!

ከሰሚራ ጋር ወደ ሼህ ሁመድ ሄድን። እሷ እየተረጎመች እኔ ነኝ አልኩ፣ ዓሊ አይደለም። ሽማግሌው ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። ከዚያ ጥቂት ቃል ተናገረ። ሰሚራ ተረጎመችው፦ ለኔ ነገርከኝ፣ እኔ ሰማሁ። ወሬው ግን በይሉል ነው ያለው። በየጉድጓዱ ውሃ አለ፣ በየውሃው ሰው አለ፣ በየሰው አፍ የልጄ ስም አለ። እዚያ አንተን የሚጠይቅህ አለ። እንግዳን ሁሉም ይጠይቃል።

ይኸው ነው ያለው። ና አላለም። አትምጣም አላለም።

ዓሊ አ.አ. አልሄድም ብሏል። ወሬ ይዤ ብመለስ ማን ይጠይቀኛል? አለ ለሰሚራ። እኔን አላናገረኝም። በሱ ቦታ ጓ.ሰ. የእህቱን ልጅ ተክቷል፤ ልጁ ሲሄድ እንኳ ያነክሳል።

የካቲት 19፣ ሰኞ፣ ንጋት 11፡30

በጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። መኪናው ጎሚስታ ቤት በር ላይ ሞተሩን አሙቋል። ጎማዎቹን ማታ እኔ ራሴ ነኝ ያየኋቸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው። መንታዎቹ ከላይ ወጥተዋል። ጋቢናው ባዶ ነው፣ በሩ ተከፍቶ።

ማዶ፣ መንገዱ ጫፍ ላይ፣ ሼህ ሁመድ ፍየሎቹን አስነስቷል። አንዷ ጎድላ።

ከፍየሎቹ ጋር ወደ በይሉል እንደምሄድ ለአባቴ ነገርኩት። የሚቀጥለው ጉዞ አልኩት። የራሱን ቃል ስሰጠው ፊቱ ተለዋወጠ። ስንት ቀን አቀድኩ አለ፣ አንተ ልጅ መቼ ነው ሰው የምትሆነው? በሩን በኃይል ዘጋው። ከዚያ ደግሞ ከፈተው፣ ወረደ፣ ከመኪናው ጎን የውሃ ጀሪካኑን ፈትቶ አጠገቤ አስቀመጠው። መንገዱ ውሃ የለውም አለኝ። እሱ ደግሞ በይሉልን ከየት ያውቀዋል?

ጓ.ሰ. ፊሽካውን እየነፋ ነው። ስሜን እየጠራ ይነፋል። ከዛሬ ጀምሮ ከክበቡ ተሰርዘሃል ይላል። ቅዳሜ ማን ይጥረግለት።

ሰሚራ በአፋርኛ የምለውን አስተምራኛለች። አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ዓሊ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስለማመደው አደርኩ፣ ምላሴ አሁንም ይጠማዘዛል። ይስቁብኛል። ይሳቁ። በየውሃው እላለሁ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ለሚጠይቅ ሕፃንም። ዓሊን ደግሞ መጠየቅ እስኪጀምሩ አልመለስም። ቢቀልል ኖሮ በመኪና እሄድ ነበር።

የመኪናው ጡሩምባ ጮኸ። መኪናው ተነቃነቀ። የአባቴ እጅ በመስኮት ወጥቶ ታየኝ፣ እያወዛወዘ ይሁን እየተራገመ አልለየሁም።

ፍየሎቹ እየራቁ ነው። ዓሊ ከኋላ ነው። ወደዚህ አላየም። ግን ሁሉም አልፈውት እሱ ቆሟል፣ ጎንበስ ብሎ፣ የጫማውን ክር እንደሚያስር ሰው። ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው ደብተሬ፤ ምን ክር አለው? ልሂድ፣ ጀሪካኑ ከባድ ነው።